የጌም የዕድሜ ደረጃ ምንድን ነው? ምን እንዳልሆነ ብነግራችሁ ይሻላል

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አባት ካፕሄድ ስለሚባል ጌም ሲያማርር ሰማሁ። «10+ ይላል፣ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ የመጀመሪያውን ጠላት እንኳን ማለፍ አቅቶት ያለቅሳል፤ ደረጃው ውሸት ነው!» ወንድሜ፣ ደረጃው አልዋሸህም። ይከብዳል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች የሚያዩት ውስጡ ያለውን ነው፦ ደም፣ ስድብ፣ መጠጥ፣ ቁማር፣ ራቁትነት። በቃ። የጾም ሽሮ በለው። «የጾም ነው» ስትባል ቅቤ የለበትም ማለት እንጂ አያቃጥልም ማለት አይደለም፤ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበትን ሽሮ ለሦስት ዓመት ልጅ አጉርሰህ ሲያለቅስ «የጾም ነው አላላችሁኝም?» ብለህ ከምግብ ቤቱ ጋር አትጣላም።

ካፕሄድ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የ1930ዎቹን ካርቱን መስሎ የተሳለ ጌም ነው። ሁለት ኩባያዎች ቁማር ተበልተው የሰይጣንን ዕዳ ሲሰበስቡ ነው ታሪኩ። የአሜሪካው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ኢኤስአርቢ 10+ ብሎታል፣ የአውሮፓው ፔጊ 7። ክብደቱ ግን ትልቅ ሰው ጆይስቲክ ያስወረውራል። «ሲምፕል» የሚባል ቀለል ያለ ምርጫ አለው፣ ግን በሱ ብታሸንፍ ለሰይጣኑ የምትሰበስበውን የባለዕዳውን የነፍስ ውል ስለማይሰጥህ መጨረሻውን አታይም። ጌም እየሞከርኩ ስህተት መልቀም እንጀራዬ ስለሆነ ነው ይህን የምጨምረው፤ «ቀላል» የሚለው ቃል በየጌሙ ይለያያል።

«ካርቱን ነው፣ የልጅ ነው» የሚሉትማ ይብሳሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኔንቲንዶ 64 ለሚባለው የጌም ማጫወቻ የወጣው የኮንከር ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት የመሰለ ሽኮኮ ነው። ይሰክራል፣ ይሳደባል፤ ደረጃው 17+ ነው።

ኦንላይን ሲሆን ደግሞ፣ ወደ ሽሮው ልመለስና፣ ማዕዱ ላይ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ልጅህን ያጎርሳል። ኢኤስአርቢ ራሱ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚባባሉትን እንደማይመዝን ይናገራል። በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ጌም ከሆነማ ማሸጊያ ካርቶኑም የለ፣ በላዩ ያለውን የደረጃ ምልክትም አታየው።

ለዚያ አባት ግን አንድ ነገር ልበል። ካፕሄድ ለሁለት ይጫወታል፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ያዝለት። ሁለት ስትሆኑ ጠላቶቹ ይጠነክራሉ፣ እሱን አልደብቅህም። ቀድመህ የምትሞተው አንተ ነህ፤ ነፍስህ ወደ ላይ ስትንሳፈፍ ልጁ ዘሎ ይመልስሃል።