ድምፅ አውጥቶ በለዛ ማንበብ፦ ሕፃናት እንዴት ይማሩታል?

«ውሃ አለ።» እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧት። «ለ»ን ካጠበቃችሁት ውሃው አልጠፋም፣ አለ። ካላላችሁት ደግሞ አንድ ሰው «ውሃ» ብሎ ተናግሯል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው የአንባቢው ድምፅ ብቻ ነው።

በለዛ ማንበብ የምንለው ትርጉሙን እየተከተሉ ድምፅን ከፍ ዝቅ ማድረግን፣ በሚገባው ቦታ ማረፍን፣ የተናጋሪውን ስሜት በድምፅ ማሳየትን ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጌጥ ያየዋል። ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይለይ፣ ለዛው በኋላ ይደርሳል ይባላል። ለአማርኛ ይህ አያስኬድም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። «ዋና»ም ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ስለዚህ አንድ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ካልገባው በትክክል ድምፁን ሊያወጣው አይችልም።

በአገራችን ድምፅ አውጥቶ የማንበብ አንጋፋው ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ንባብ ቤት ነው። ልጁ የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደሉን በእንጨት ወይም በስንደዶ እየነካ ሀሁ ይላል። ሀሁን በዜማ ብቻ ሸምድዶ ፊደሉን ሳይለይ እንዳያልፍ አቡጊዳ ተበጅቶለታል። እዚያ ተራው ስለሚቀያየር የለመደው ዜማ አያድነውም፣ ፊደሉን የግድ ማየት አለበት። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል። አንዱን ንባብ በደረጃ ይመላለስበታል፦ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ። በቁጥር ፊደል በፊደል እየለቀመ ይጀምራል። ቁም ንባብ ሲደርስ እንደ አዋቂ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል።

እዚህ ላይ ነው የድምፁ ሥርዓት የሚገባው። በግዕዝ ቋንቋ እያንዳንዱ ቃል ወይ ተነሽ፣ ወይ ወዳቂ፣ ወይ ተጣይ፣ ወይ ሰያፍ ነው። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ድምፁ የሚነሣበት፣ የሚወድቅበት ቦታ በየቃሉ ይለያያል። ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ያነበበ ልጅ እዚያው ይታረማል። የሚገርመኝ ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። ከየኔታ አፍ ወደ ልጁ ጆሮ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። 150ውን መዝሙረ ዳዊት ጨርሶ «ዳዊት ደገመ» ሲባል ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ይደግሳል። ለንባብ የሚደገስበት አገር መሆናችን ደስ ይለኛል።

በቁርአን ቤትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ልጆች ሎሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎላቸው ያነባሉ። ተጅዊድ የሚባለው የቁርአን አነባበብ ሥርዓት የት ድምፅ እንደሚሳብ፣ የት እንደሚቆም፣ እያንዳንዱ ፊደል ከየትኛው የአፍና የጉሮሮ ክፍል እንደሚወጣ በዝርዝር ይደነግጋል።

ሁለቱም ምላስና ጆሮን በሚገባ ያሠለጥናሉ። ነገር ግን ልጁ የሚያነበው የግዕዙም ሆነ የዓረብኛው ትርጉም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ በልጁ ቋንቋ አስተማረ፤ ድምፁን ግን ችላ አለው። እኔ በተማርኩበት ክፍል ሃምሳ ምናምን ልጆች በአንድ ዜማ እየጎተትን እናነብ ነበር። ጥያቄውም፣ ለቅሶውም፣ ቁጣውም አንድ ዓይነት ድምፅ ነበረው። አንዱን ነጥሎ «ምን አልክ?» ያለን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ድጋፍ በተጀመረ ትልቅ የንባብ ፕሮጀክት በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የአንደኛ ደረጃ መማሪያዎች እንደገና ተዘጋጁ። ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሀዲይኛ ነበሩበት። ልጆች በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነቡ የሚለካው ፈተናም በዚያው ዘመን ተለመደ። ፈተናው ጠቃሚ ነው፣ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ በግልጽ ያሳያል። ሰዓት ሲያዝ ግን ልጅ ይሮጣል፣ አስተማሪም ያስሮጣል። አራት ነጥብ ላይ ሳያርፍ የሮጠ ልጅ ብዙ ቃል ይቆጠርለትና ታሪኩን ሲጠየቅ ዝም ይላል።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረጋል? ከሁሉ በፊት ልጁ ጥሩ ንባብ መስማት አለበት። አስተማሪዋ ታነባለች፣ ልጆቹ አብረዋት ያነባሉ፣ ከዚያ ለብቻቸው ይሞክሩታል። አንዱን አጭር ምንባብ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ፍሬ አለው። አሜሪካዊው የንባብ ተመራማሪ ጄይ ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ዘዴ በጽሑፍ አቅርቦ ብዙ አስተማሪዎች ተከትለውታል። የኔታ ከእሱ በፊት ስንት መቶ ዓመት ሲያደርጉት እንደኖሩ ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «አክስቴ ለበዓል የገዛችው ነጭ በግ ጠፋ» ሲባል ዋናው ወሬ የመጨረሻዋ ቃል ናት። በየቃሉ የሚተነፍስ ልጅ እዚያ ሳይደርስ ሐሳቡ ይበተንበታል። «አክስቴ ለበዓል የገዛችው» በአንድ ትንፋሽ፣ «ነጭ በግ» በሌላ፣ «ጠፋ» ለብቻዋ። በእርሳስ ቀጭን መስመር ጣል ማድረግ ለጀማሪ በቂ ነው።

ምልክቶቹም በድምፅ መታወቅ አለባቸው። «መጣ።» እና «መጣ?» በፊደል አንድ ናቸው። ቃለ አጋኖ አለ። አሁን እምብዛም የማናየው ትእምርተ ስላቅ፣ የተገለበጠው ቃለ አጋኖ፣ አንባቢው ለፌዝ ድምፁን እንዲለውጥ ይነግር ነበር። ልጆች በጣም የሚወዱት ልምምድ ግን «እሺ» ነው። የተደሰተ ልጅ «እሺ»፣ ያኮረፈ ልጅ «እሺ»፣ እንቅልፍ የያዘው «እሺ»፤ ክፍሉ ባንድ ጊዜ ይነቃል።

ስህተት ሲመጣ ከአፉ መንጠቅ አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስና «ማን ምን አደረገ?» ተብሎ ይጠየቅ። ብዙ ልጆች መልሱን ሲያስቡ ራሳቸው ያጠበቁትን ያላሉታል።

ቤትም ትልቅ ድርሻ አለው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ጅቡ በወፍራም፣ ጦጣዋ በቀጭን ድምፅ እንደሚናገሩ ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ይህን ጆሮ ለስንት ትውልድ ሰጥተዋል። በውጭ አገር ያደጉ ልጆች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሄደው ፊደሉን በደንብ ይለያሉ፤ ቋንቋውን በበቂ ስላልሰሙት ግን «ገና»ን የትኛው ገና እንደሆነ መገመት አይችሉም። ለእነሱ ተጨማሪ የፊደል ገበታ ብዙም አይጠቅምም። አያት በስልክ አንድ ገጽ ብታነብላቸው፣ እነሱም ያንኑ ገጽ መልሰው ቢያነቡላት ይሻላል።