የጃፓን መኪና ዕድሜ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጃፓን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» የሚለው ምክር ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች በእርግጥም ጠንካራ ናቸው። ነገር ግን ዕድሜያቸውን የሚወስኑት የሞተሩ ኮድ፣ የካምቢዮው ዓይነትና ያለፉት ባለቤቶች የዘይት ልማድ ናቸው። አርማው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በገዢና ሻጭ መካከል በየቀኑ የሚሰሙ ናቸው።

«የጃፓን ስም ካለው አይበላሽም»

አንድ ፋብሪካ ግሩም ሞተርም ችግር ያለበት ሞተርም ይሠራል። በያሪስና በብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለው የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ (1.5 ሊትር) ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ሳይከፈት 300,000 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ማንም መካኒክ አይገረምም። የዚያው ኩባንያ 2ኤዜድ-ኤፍኢ (2.4 ሊትር፣ ካምሪና ራቭ4 ላይ ያለው) ግን፣ በተለይ ከ2006 እስከ 2009 ገደማ የተሠራው፣ ዘይት ይበላል። በፒስተኑ ላይ የዘይት ፋሻውና ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈናሉ፤ የተረፈው ዘይት ወደ ላይ ወጥቶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። እስከ 2002 ገደማ የተሠሩት 1ዜድዜድ-ኤፍኢዎችም ይኸው በሽታ አለባቸው።

ሌሎቹም የየራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው። የሱባሩ ኢጄ25 በቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ባለው ማሸጊያ) ችግር ይታወቃል፤ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። ከ1999 እስከ 2004 የተሠሩት ባለ ቪ6 ሆንዳዎች፣ ኦዲሲን ጨምሮ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮአቸው ያስቸግራል። ኒሳን የ2003–2010 ሞዴሎቹን የሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሽ የሌለው፣ በቺንጋና በፑሊ የሚሠራ አውቶማቲክ) ዋስትና በአሜሪካ ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ያራዘመው ያለ ምክንያት አይደለም። ታኮማ ደግሞ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ሻንሲው በዝገት ይበላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው «ቶዮታ ነው?» ተብሎ ሳይሆን «የትኛው ሞተር፣ የትኛው ዓመት?» ተብሎ ነው።

ዘይት መብላቱን ለማወቅ ጭስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ዘይት የሚበሉ ሞተሮች ጭሳቸው አይታይም። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ በዚያው ቦታና በዚያው ሁኔታ ይለኩ። ቶዮታ በ2ኤዜድ ላይ የተጠቀመበት ወሰን በ1,200 ማይል (1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ) አንድ ኳርት፣ ማለትም አንድ ሊትር የማይሞላ ዘይት ማጉደል ነበር። ከዚያ በታች የሚያጎድልን ሞተር እየለኩና እየጨመሩ ለዓመታት መንዳት ይቻላል። የሚገድለው መብላቱ አይደለም፤ ባለቤቱ በዘይት መቀየሪያዎች መካከል መለኪያ ዘንጉን አንድ ጊዜም ሳያወጣ መቅረቱ ነው።

«ጃፓን ውስጥ የተሠራው ብቻ ነው እውነተኛው»

ባለ 17 አኃዝ የሆነው የቪን ቁጥር (የመኪናው መለያ) የመጀመሪያ ፊደል ወይም አኃዝ የተሠራበትን አገር ይናገራል። «ጄ» ጃፓን፣ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ ናቸው፤ በ«ኤምአር» የሚጀምረው ታይላንድ፣ በ«ኤኤች» የሚጀምረው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከአገሩ ይልቅ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ማወቁ ይጠቅማል፤ የራዲያተር መጠን፣ የታችኛው አካል ፀረ ዝገት ቅብና የጭስ ማጣሪያ ዕቃዎች በገበያው ይለያያሉ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ ባለ 17 አኃዝ ቪን የለውም። እንደ «ኤንዜድኢ121» በሞዴል ኮድ የሚጀምር የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው። ዕቃ ሲያዙ ይህን ቁጥር ሙሉውን ይስጡ። «የ2003 ኮሮላ» ብሎ ማዘዝ የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ነው።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ የሆነው ሁልጊዜ ይሻላል»

በ15 ዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በአብዛኛው አጭር አጭር መንገድ የተነዳ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እርጥበትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይከማቻሉ። ጎማ ነክ ዕቃዎች (ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ የሞተር ማስቀመጫ፣ ቡሽ) በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃሉ። በየጊዜው ተጠግኖ በረጅም መንገድ 180,000 የሄደ መኪና ከዚህኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ቁጥሩ እውነት ነው? ጃፓን ውስጥ አዲስ መኪና በ3ኛ ዓመቱ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ የግዴታ ምርመራ ያልፋል፤ በምርመራው ወረቀት ላይም ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል። ወረቀቱን ይጠይቁ። ከሌለ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌር ወንበር ጠርዝ ያስተያዩ። 70,000 የሚል መኪና ላይ ፔዳሉ ከተላጠ ወይም አዲስ ከተገጠመ ጥያቄ ማንሣት ይገባል።

ብዙ ገዢዎች የሚዘሉት ሌላ ምርመራ አለ። ሻጩ ባትሪውን ፈትቶ የሞተር መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል። የመኪናውን ኮምፒዩተር በሚያነበው ስካነር ዝርዝር ውስጥ የራስ ምርመራዎቹ (የካታሊስት፣ የኦክሲጅን ሴንሰር፣ የነዳጅ ትነት) «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ የብልሽት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል፣ ወይም ባትሪው ተፈትቷል ማለት ነው። ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይታይ። ሻጩ ካልፈቀደ መልሱ ተሰጥቷል።

«የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይቀየርም፤ ከነኩት ይበላሻል»

ከሁሉም አባባሎች ብዙ መኪና የጨረሰው ይህ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበት። አንዳንድ አምራቾች ዘይቱን «የዕድሜ ልክ» ይሉታል፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ የፍሪሲዮን ዱቄት ሲገባበት ይደክማል። ከ60,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ምክንያታዊ ነው፤ ከባድ ጭነትና ተዳፋት ካለ ከዚያም ቀደም ብሎ።

«ቀየርኩትና ተበላሸ» የሚለው ታሪክ ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ይመጣል። አንደኛው፣ ካምቢዮው አስቀድሞ እየተንሸራተተ ስለነበር ዘይት ማስቀየር የመጨረሻ ተስፋ ሆኖ መደረጉ ነው። ሁለተኛው፣ በማሽን ግፊት ሁሉንም ዘይት በአንዴ ማስወጣት ነው፤ ለዓመታት የተኛ ቆሻሻ ተነሥቶ ጠባብ የዘይት መንገዶችን ይዘጋል። ሦስተኛው የተሳሳተ ዘይት ወይም የተሳሳተ መጠን ነው።

የሚመከረው በታችኛው ብሎን አፍስሶ የወጣውን ያህል መሙላት ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከጠቅላላው ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ይደገም። የወጣውን በምልክት በተለካ ዕቃ ይያዙት፤ 3.2 ሊትር ከወጣ 3.2 ይግባ። መለኪያ ዘንግ በሌላቸው የቶዮታ ካምቢዮዎች ላይ መጠኑ የሚረጋገጠው ሞተሩ እየሠራ፣ የካምቢዮው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የመትረፊያው ብሎን ተፈትቶ ነው። ዘይቱ በጣም ሞቆ እያለ ከተለካ ስለሚሰፋ ይተርፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። ትክክለኛውን የሙቀት ገደብ ከሞዴሉ የጥገና መመሪያ ይውሰዱ።

ሲቪቲ ላይ ጥንቃቄው ይጠብቃል። እዚያ ኃይል የሚተላለፈው በብረት ቺንጋና በሁለት ፑሊዎች መካከል ባለው መያያዝ ነው፤ መያያዙን የሚፈጥረው የዘይቱ ባሕርይ ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይጫጫራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚድን ነገር የለም። ለኒሳን ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3፣ ለሆንዳ ኤችሲኤፍ-2፣ ለቶዮታ ሲቪቲ ኤፍኢ ወይም ቲሲ ተብሎ የተጻፈውን ያክብሩ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ጠርሙስ ለሲቪቲ ባይገዛ ይመረጣል።

«ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል»

ቪቪቲ-አይ ያለው ሞተር የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው። 20ደብልዩ-50 ሲገባበት ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ ጭረት በብዛት የሚደርሰውም በዚያች ቅጽበት ነው። መመሪያው 0ደብልዩ-20ን አስቀድሞ 5ደብልዩ-30ንም የሚፈቅድ ከሆነ ግን ወደ ሁለተኛው መሄድ ጥፋት አይደለም። ተራ ዘይት በ5,000፣ ሙሉ ሲንተቲክ እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፤ በአቧራማ መንገድና በአጭር ጉዞ ከዚህም ያንሳል። 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይይዛል፤ የማፍሰሻው ብሎን ወደ 38 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ብሎኑን በረጅም ቁልፍ ከመጠን በላይ የሚያጠብቁት ሰዎች ናቸው ጥርሱን የሚበሉት።

«ካቴና ካለው አይነካም»

መጀመሪያ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ካቴና (ሰንሰለት) እንጂ ቺንጋ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የቶዮታ 1ኬዲ-ኤፍቲቪ የናፍጣ ሞተር ቺንጋ ነው ያለው፤ በ150,000 ኪሎ ሜትር ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት ይበራል። መብራቱን ብቻ አጥፍቶ መሸጥ የታወቀ ዘዴ ስለሆነ የተቀየረበትን ደረሰኝ ይጠይቁ። የቶዮታ 1ኤችዜድም ቺንጋ ነው፤ የሆንዳ ቪ6ም እንዲሁ። ቺንጋ ሲቀየር ማወጠሪያውና ኩሽኔታዎቹ አብረው ይቀየሩ፤ በቺንጋ የሚዞር የውሃ ፓምፕ ካለም በዚያው።

ካቴና የመቀየሪያ ቀን የለውም፤ ዘይቱ በጊዜው የማይቀየርለት ካቴና ግን ይረዝማል። ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅና ፒ0016 የሚል የብልሽት ኮድ ምልክቶቹ ናቸው። የሆንዳ ኬ24 ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማው አጭር ጩኸት ብዙ ጊዜ የቪቲሲ ማርሹ (የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው) ነው፤ ካቴናውን ከመፍታት በፊት እሱ ይታይ።

ሆንዳ ላይ ደግሞ የሚረሳ ሥራ አለ፦ የቫልቭ ክፍተት። ለአር18 ሞተር ማስገቢያው ከ0.18 እስከ 0.22፣ ማስወጫው ከ0.23 እስከ 0.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ድምፅ ስለማይሰጥ ማንም አያስተውለውም፤ የማስወጫ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። በጋዝ የሚሄዱት ላይ ይህ ይፈጥናል።

«ሙቀት ባለበት አካባቢ ቴርሞስታት አያስፈልግም»

ቴርሞስታት (የማቀዝቀዣ ውሃውን መንገድ በሙቀቱ መጠን የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) የወጣለት ሞተር ሙቀቱን ሳያገኝ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ስለሚቆጥር ነዳጅ ያበዛል፣ ፒ0128 ኮድ ይወጣል፣ ከመጠን ያለፈው ነዳጅ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል። ሞተሩ የሚግለው ቴርሞስታት ስላለው ከሆነ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ቶዮታዎች በ82 ዲግሪ ገደማ የሚከፈተውን ይጠቀማሉ። በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መከፈቱን ማየት ይቻላል።

የቧንቧ ውሃም መፍትሔ አይደለም፤ የውሃ ፓምፑን ማኅተም ይጎዳል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል። ሮዙ የቶዮታ ማቀዝቀዣ ተቀላቅሎ የመጣ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም፤ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል።

«ሃይብሪድ ባትሪው ሲሞት መኪናው አለቀ»

የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት፣ ድምሩ 201.6። ፒ0ኤ80 የሚለው የባትሪ ብልሽት ኮድ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የደከሙት ጥቂት ክፍሎች ናቸው። አንዱን ብቻ መቀየር ግን ጊዜ መግዣ ነው፤ ሌሎቹም በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ስለሆኑ በወራት ውስጥ ቀጣዩ ይከተላል። የባትሪውን ዕድሜ በእጅጉ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የአየር ማስገቢያ በጨርቅ ሲሸፈን ወይም ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን። በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳት ርካሹ ጥገና ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸውን ብርቱካናማ ሽቦዎች ለመንካት የአገልግሎት መሰኪያው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቅና የኤሌክትሪክ ጓንት መልበስ ግድ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ (2010–2015) ላይ ከባትሪው በላይ የሚያሳስበው ሞተሩ ነው። የኢጂአር (ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል) ማቀዝቀዣው በጥላሸት ይደፈናል፣ ኋላም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይበላሻል። ጠዋት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥና የራዲያተር ውሃ የሚያጎድል ካገኙ፣ ባትሪውን ሳይሆን ይህን ይመርምሩ።

«ዕቃው የኩባንያው ካርቶን ውስጥ ካልሆነ ዋጋ የለውም»

የኩባንያው ካርቶን ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ በዴንሶ፣ በአይሲን፣ በኬዋይቢ፣ በኤንኤስኬ ወይም በአኬቦኖ የተሠራ ነው፤ በእነርሱ ስም ሲገዛ ይረክሳል። አስመሳዩ ግን በሁለቱም ካርቶን ይመጣል። በቴርሞስታት፣ በውሃ ፓምፕ፣ በቺንጋ ማወጠሪያና በዘይት ፊልትሮ ላይ ርካሽ አይፈለግ።

«መኪናው ካረጀ ሪኮል አይመለከተውም»

ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መጥራቱ) ይመለከተዋል፤ በአየር ከረጢት ደግሞ ይበልጥ። የአየር ከረጢት አምራቹ የታካታ ማንፈሻዎች (ከረጢቱን የሚነፉት ክፍሎች) ውስጥ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት በሙቀትና በእርጥበት ሲቆይ ይለወጣል፤ ከረጢቱ ሲነፋ የብረት ቤቱ ተሰንጥቆ ስብርባሪ ይረጫል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ማንፈሻዎች ተጠርተዋል፤ ሆንዳ፣ ቶዮታ፣ ኒሳን፣ ማዝዳ፣ ሱባሩና ሚትሱቢሺ ሁሉም አሉበት። የከፋው በ2001–2003 አንዳንድ ሆንዳና አኩራ ላይ የታየው ሲሆን፣ የአሜሪካ ባለሥልጣናት በ2016 ከረጢቱ ሲነፋ የመፈንዳት ዕድሉ እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ አስጠንቅቀዋል። ቪኑን አምራቹ ገጽ ላይ ያስገቡ፤ የሻንሲ ቁጥር ያለው ከሆነ በጃፓን የአምራቹ ገጽ ላይ ይፈለጋል። ማንፈሻው ያልተቀየረ ሆኖ ከተገኘ እስኪቀየር ድረስ መኪናው አይነዳ።