በዊኪፔዲያ በብዛት የተጎበኙ ጽሑፎች፦ ዝርዝሩ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

በዊኪፔዲያ በብዛት የተጎበኙ ጽሑፎች ዝርዝር አንድ ገጽ በቀን፣ በወር ወይም በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። አሁን የሚሠራበት አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ ሲሆን፣ የሰውን ጉብኝት ገጾችን በራሳቸው ከሚከፍቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች (ሮቦቶች) ለመለየት ይሞክራል። የሚቆጠረው የገጹ መከፈት እንጂ የተነበበው መስመር ብዛት ስላልሆነ፣ ዝርዝሩ ስለ ጽሑፉ ጥራትም ሆነ ስለ ርእሱ ክብደት ምስክር ሊሆን አይችልም።

የእንግሊዝኛው ዝርዝር ሞትን፣ ስፖርትን፣ ፊልምንና ምርጫን ይከተላል። ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ባረፉ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸው በአንድ ቀን ከ8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተከፍቷል፤ በ2023 ደግሞ ለጥያቄ መልስ ስለሚሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ስለ ቻትጂፒቲ የተጻፈው ገጽ ከ49 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት አግኝቶ የዓመቱ ቀዳሚ ሆኗል። ከዓመት ዓመት ከፊት ረድፍ የማይጠፋው ግን በዚያው ዓመት ያረፉ ታዋቂ ሰዎች ስም የሚመዘገብበት ገጽ ነው፤ መርዶና ለቅሶ ትልቅ ቦታ ባላቸው መንዝና ቡልጋ ላደገ ሰው ይህ የሚያስገርም አይሆንም።

አንዳንዱ ቁጥር ከአንባቢ ፍላጎት የመጣ አይደለም። የክሊዮፓትራ ገጽ ያለ ወቅታዊ ምክንያት ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲከፈት የቆየው፣ የጉግል የድምፅ ረዳት ለተጠቃሚዎቹ በምሳሌነት ያቀርበው ስለነበር ነው። የእንግሊዝኛውን ሳምንታዊ ዝርዝር የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞችም ጉብኝቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከኮምፒውተር ብቻ ወይም ከሞባይል ብቻ የመጣ ገጽ ሲያገኙ፣ የማሽን ሥራ ነው ብለው ይጥሉታል።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ መጣጥፎች ያሉት ትንሽ ቤት በመሆኑ፣ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ መምህር ስለ ከተማዋ መሥራች ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቤት ሥራ ቢሰጥ ብቻ የዕለቱ ደረጃ ሊናጋ ይችላል። የንጉሡ ስም ግን ሌላ ችግር ያስከትላል። አንዱ «ዘርዐ»፣ ሌላው «ዘርአ»፣ ሦስተኛው «ዘርዓ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ዊኪፔዲያ ደግሞ አንባቢውን ወደ ዋናው ገጽ በሚያዞር ሁለተኛ ርእስ በኩል የተገኘን ጉብኝት የሚመዘግበው ለዋናው ገጽ ሳይሆን ለዚያው ለሁለተኛው ርእስ ነው። በመሆኑም በሀ እና በሐ፣ በሰ እና በሠ፣ በአ እና በዐ የሚለያዩ አጻጻፎች የአንድን ርእስ ጉብኝት ከፋፍለው ከእውነተኛው ያነሰ ያስመስሉታል። ትክክለኛውን ለማወቅ የሚሻ ሁሉንም አጻጻፎች ፈልጎ መደመር አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

ለሕዝብ የሚለቀቀው መረጃ የአንባቢዎችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ከአገር ደረጃ በታች አይወርድም። ስለዚህ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ላይ ምን እንደተነበበ ከዝርዝሩ ማውጣት አይቻልም። ስለ ጓሳ ቀይ ቀበሮ ወይም ስለ ጭላዳ ሰፋ ያለ ነገር ፈልጎ ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገር የመንዝ ተማሪ የሚቆጠረው ለእንግሊዝኛው ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ አንባቢው ጭራሽ ከቆጠራው ይወጣል፤ ኪዊክስ በተባለው ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ትምህርት ቤትም ቢሆን በቀን መቶ ገጽ ቢከፍት አንዱም አይመዘገብለትም።