ኢንሱላ ምንድን ነው? የጥንት ሮማውያን የኪራይ ፎቅ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ አውጤኪስ የሚባል ወጣት አለ። ጳውሎስ በጢሮአዳ ከተማ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር ልጁ መስኮት ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከሦስተኛው ደርብም ወደ ታች ይወድቃል። ይህን ታሪክ ስናነብ ልባችን የሚሄደው ወደ ተአምሩ ነው። ያለ ነገር ነው። እኔን ግን ቤቱም ያስደንቀኛል። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ፣ ተራ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ሦስት ደርብ ነበረው!

የሮማ ዘመን ከተሜ ተደራርቦ መኖርን የለመደ ሰው ነበር። በዋና ከተማዋ በሮም ደግሞ ነገሩ ከሦስት ደርብም አልፎ ይሄዳል። እዚያ ለኪራይ የሚሠራው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ስሙ ኢንሱላ ነው።

ኢንሱላ በላቲን «ደሴት» ማለት ነው። ደሴትን ውሃ እንደሚከባት ሕንፃውንም በአራቱም ጎኑ መንገድ ይከበዋል። ቃሉ ሁለት አገልግሎት ስላለው እንዳያምታታን፦ በእሳተ ገሞራ የተቀበረችውን የሮማውያን ከተማ የፖምፔን ፍርስራሽ የሚያጠኑ ሰዎች ኢንሱላ ሲሉ በመንገዶች መካከል ያለውን የቤቶች ክምችት በሙሉ ማለታቸው ነው። እዚህ የማወራው ስለ ኪራይ ፎቁ ነው።

ምድር ቤቱ ወደ መንገድ የተከፈቱ ሱቆች ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ትኩስ ምግብ ሻጩ እዚያ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ባለሱቁ ከነቤተሰቡ የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ከእንጨት በተሠራች ቆጥ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የኪራይ ቤቶቹ ይጀምራሉ። እነዚህን ሮማውያን ኬናኩሉም ይሏቸዋል። የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ የገለጠ ሰው ይህን ቃል ያገኘዋል፤ ጌታ የመጨረሻውን እራት የበላበት ሰገነት በላቲን ኬናኩሉም ነው፣ አውጤኪስ የወደቀበትም እንዲሁ።

በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ሮም አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እንደነበራት ይገመታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የከተማዋ መዝገብ 1,790 የባለጸጎች መኖሪያ ቤት ሲቆጥር ኢንሱላውን ግን ከ46,000 በላይ ያደርሰዋል። መዝጋቢው የቆጠረው ሙሉ ሕንፃ ይሁን በሕንፃው ውስጥ ያሉ ቤቶች ሊቃውንት ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ ሚዛኑ ግልጽ ነው። ሮም ሲባል ዕብነ በረድ፣ አምድና ኮሎሲየም ይታየናል። አብዛኛው ሮማዊ ግን ቀን ዕብነ በረዱ መሃል ሲዞር ውሎ ማታ ጠባብ ደረጃ እየወጣ የኪራይ ክፍሉ ይገባ ነበር። እኔ የሮምን ታሪክ ከዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ ማየት እመርጣለሁ።

ዛሬ ሊፍት ያለበት ሕንፃ ላይ ከፍ ያለው ፎቅ ይወደዳል። በሮም ተቃራኒው ነበር። የመጀመሪያው ፎቅ ሰፋ ያለ፣ ብርሃን ያለው፣ ኪራዩም የከበደ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ክፍሉ እየጠበበ፣ ጣሪያው እየወረደ፣ ተከራዩም እየደኸየ ይሄዳል። ውሃ ላይ አይወጣም። ከመንገድ ቦኖ በእንስራ ቀድቶ ያንን ሁሉ ደረጃ መሸከም ነው። መጸዳጃ ካለም ምድር ቤት ነው፤ ሌሊት ፖፖ ይዞ ማደር ግድ ይላል። ምግብ ማብሰያና ማሞቂያው የከሰል ምድጃ ነው። መስኮቱ ባብዛኛው መስታወት የለውም፣ የእንጨት መዝጊያ ነው። ብርድ ከመጣ ትዘጋዋለህ፣ ከዘጋኸው ትጨልማለህ። ገጣሚው ማርቲያል እንኳ ሦስት ደረጃ ወጥቶ እንደሚኖር፣ ደረጃዎቹም ረጃጅም እንደሆኑ ጽፏል።

ይህ ኑሮ የንጉሠ ነገሥቶቹ ዘመን ፈጠራ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚነግረን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት፣ በሮም የከብት ገበያ አንድ በሬ በራሱ ጊዜ ደረጃ እየወጣ ሦስተኛ ደርብ ደርሶ፣ የነዋሪው ጩኸት ሲያስደነብረው ራሱን ወርውሯል። ሮማውያን ይህን እንደ ክፉ ምልክት መዝግበውታል። ለእኛ ደግሞ ሦስት ደርብ ቤት ያኔም እንደነበረ ይነግረናል።

ሕንፃዎቹ እንዴት ይሠሩ ነበር? እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ በርካሽ ነበር የሚሠሩት። መሬት ውድ ነው፣ ባለቤቱ ፎቅ መጨመር ይፈልጋል፣ የላይኞቹን ግድግዳዎች በእንጨት ማግሮ በጭቃ መርጎ ይጨርሳቸዋል። የሕንፃ ሊቁ ቪትሩቪየስ እንዲህ ያለው ግድግዳ ጭራሽ ባልተፈለሰፈ ብሎ ተመኝቷል። ለእሳት የተዘጋጀ ችቦ ነው ይላል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ይለሰናል፤ ተከራዩ ከሥሩ ይተኛል። ጁቬናል የሚባለው ገጣሚ ከተማዋ በቀጫጭን ድጋፍ የቆመች ናት ብሎ ያማረረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ የከነከነኝ የሲሴሮ ደብዳቤ ነው። ታላቁ ተናጋሪ አከራይም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለወዳጁ ለአቲከስ ሲጽፍ፣ ሁለት ሱቆቼ ፈርሰዋል፣ ሌሎቹም እየተሰነጠቁ ነው ይለዋል። ተከራዮቹ ብቻ ሳይሆኑ አይጦቹም ሸሽተዋል ብሎ ይጨምርበታል። ነገሩ ግን ብዙም አላስጨነቀውም። አዲስ የግንባታ ዕቅድ አለ፣ ኪሳራውን ወደ ትርፍ ይለውጠዋል ነው የሚለው። የሸሹት ሰዎች የት እንዳደሩ አንዲት ቃል አልጻፈም። ስለ ግዴታና ስለ በጎነት ያን ያህል የጻፈ ሰው ነውና ያሳዝናል።

ከመፍረስ የባሰው እሳት ነበር። ባለጸጋው ክራሱስ እሳት ሲነሳ የሚቃጠለውንና አጠገቡ ያለውን ቤት ከደነገጡት ባለቤቶች በትንሽ ዋጋ ይገዛ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ ጽፏል። ከ500 በላይ ግንበኛና መሐንዲስ ባሪያዎች ነበሩት፤ የሮም ትልቁ ክፍል በእጁ የገባው እንዲህ ነው ይላል። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ቪጊሌስ የተባለ የሌሊት ጠባቂና እሳት አጥፊ ኃይል አቋቋመ። ሰባት ጓድ ነበር፣ ለአሥራ አራቱ የከተማ ክፍሎች፣ ለሁለት ክፍል አንድ ጓድ። አለቃቸው እያንዳንዱ ተከራይ ቤቱ ውስጥ ውሃ እንዲያስቀምጥ የማስጠንቀቅ ግዴታ በሕግ ነበረበት። አምስተኛ ፎቅ በእንስራ የወጣ ውሃ ለመጠጥም ለማብሰያም ለእሳትም ነው ማለት ነው።

አውግስጦስ ቁመቱንም ገደበ፤ በመንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ ከ70 የሮማ ጫማ፣ ማለትም ከ21 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን በኋላ ወደ 60 ጫማ አወረደው። በመሃሉ እ.ኤ.አ. በ64፣ በኔሮን ዘመን፣ ትልቁ እሳት መጣ። ከአሥራ አራቱ የከተማ ክፍሎች ሳይነካ የቀረው አራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ሰፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ መጋራት ተከለከለ፣ እሳት የሚችል ድንጋይ ታዘዘ። የተተኮሰ ጡብና ከኖራና ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚቦካው የሮማ ኮንክሪት ገነነ። በወደቡ በኦስቲያ ዛሬም ቆመው የሚታዩት የ2ኛው ክፍለ ዘመን ኢንሱላዎች የዚህ ፍሬ ናቸው። የዲያና ቤት የሚባለው ግቢ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና የጋራ መጸዳጃ ነበረው። ሮም ውስጥም በካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ አንድ አለ። የታችኛው ፎቅ ሱቆች ዛሬ ከመንገዱ በታች ቀርተዋል።

ሕጉ አንዳንዴ ያስገርማል። ከመስኮት የተጣለ ወይም የተደፋ ነገር ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂው የቤቱ ነዋሪ ነው፤ ማንም ይጣለው ማን። ነፃ ሰው ከሞተ ቅጣቱ 50 የወርቅ ሳንቲም ነው። ከቆሰለ የሕክምናውና የቀረበት ሥራ ይታሰብለታል። ለጠባሳው ግን ካሳ የለም። የነፃ ሰው አካል ዋጋ አይተመንለትም ይላል ሕጉ።

ኪራዩስ? ባለቤቱና ተከራዩ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። በመሃል ሕንፃውን በጅምላ ተከራይቶ ክፍል በክፍል የሚያከራይ ሰው ይገባል። በሕግ መጽሐፋቸው በምሳሌነት የቀረበ ሰው ሙሉ ኢንሱላ በ30 ሺህ የሮማ ገንዘብ ተከራይቶ ከተከራዮቹ 40 ሺህ ይሰበስባል። ፖምፔ ግድግዳ ላይ የተጻፈ የኪራይ ማስታወቂያም ተገኝቷል። ሱቆች ከነቆጣቸው፣ ለተከበረ ሰው የሚሆኑ የፎቅ ቤቶችና አንድ ሙሉ መኖሪያ ከጁላይ መጀመሪያ ጀምሮ ይከራያሉ፣ የሚፈልግ የባለቤቱን ባሪያ ፕሪሙስን ያነጋግር ይላል።

ይቺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1 የምትውለው ቀን በሮም የቤት መልቀቂያ ቀን ነበረች። ማርቲያል በዚህች ቀን የሁለት ዓመት ኪራይ ያልከፈለ ሰው ከሚስቱ፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ሲባረር አይቶ በግጥም ተሳልቆበታል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አከራዩ ለዕዳው ያስቀረውን ካስቀረ በኋላ ለቤተሰቡ የተረፈው በዝርዝር አለ። ባለ ሦስት እግር አልጋ። ባለ ሁለት እግር ጠረጴዛ። ኩራዝ። ጎኑ ተሰብሮ የሚያፈስ ፖፖ። ነጭ ሽንኩርቱና ቀይ ሽንኩርቱ አልቆ ባዶውን የቀረ ገመድ።