የቡድን ተኮር ውይይት በግብርና ፖሊሲ ግምገማ

የቡድን ተኮር ውይይት በአንድ ጉዳይ ላይ የጋራ ልምድ ያላቸው ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 የሚሆኑ፣ በአወያይ መሪነት አስቀድመው በተዘጋጁ መነሻ ጥያቄዎች ላይ የሚነጋገሩበት የጥናት ስልት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሮበርት መርተንና ፖል ላዛርስፌልድ የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ አድማጮችን ስሜት ለማወቅ ያካሄዱት ጥናት ሲሆን፣ ወደ ግብርናው የገባው ቆይቶ ነው።

የግብርና ፖሊሲ ገምጋሚዎች ስልቱን የሚፈልጉት በዋናነት «ለምን» ለሚለው ጥያቄ ነው። የማዳበሪያ ድጎማ ስንት አባወራ እንዳገኘ መዝገብ ይናገራል፤ ድጎማው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ በመድረሱ ሳይሠራበት መቅረቱን፣ ወይም ገበሬው ድጎማ ባይኖርም ያንኑ ማዳበሪያ በራሱ ገንዘብ ይገዛ እንደነበር ግን መዝገቡ አይናገርም። አንዱ ተሳታፊ የተናገረውን ሌላው ሲያርም ወይም ሲሞግት፣ በግል ቃለ መጠይቅ የማይወጣ ነገር ይወጣል።

የውይይቱ ጥራት ከጥያቄዎቹ ይልቅ በአብዛኛው የሚወሰነው ማን ከማን ጋር በመቀመጡ ነው። ባለመሬትና ተከራይ አራሽ በአንድ ቡድን ከተቀመጡ ተከራዩ ስለ ኪራይ ውሉ አፉን ሞልቶ አይናገርም፤ ሴቶች ከባሎቻቸው ፊት፣ አነስተኛ አምራቾችም ከትልልቆቹ ፊት እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ቡድኖቹ በመሬት ስፋት፣ በጾታና በፕሮግራሙ በመታቀፍ ወይም ባለመታቀፍ ተለይተው ይዋቀራሉ። ፖሊሲውን የሚያስፈጽመው ባለሙያ ራሱ ተሳታፊዎችን መልምሎ፣ ውይይቱም ላይ ተገኝቶ ሲያዳምጥ ግን የሚሰማው ነገር በአመዛኙ ምስጋና ነው፤ ድጋፉ እንዳይቋረጥበት የሚፈራ ሰው ስለ ፖሊሲው ድክመት እንዲያወራ መጠበቅም የዋህነት ይመስላል።

ባለሙያዎችን ለማወያየት የተለየ ስልት አለ። አሜሪካ ውስጥ በራንድ የምርምር ተቋም የተቀረጸው ዴልፋይ ተሳታፊዎችን ፊት ለፊት አያገናኝም፤ ስማቸው ሳይገለጽ በየዙሩ አስተያየታቸውን ሰጥተው፣ የሌሎቹን ጠቅላላ ምላሽ አይተው እንዲያሻሽሉ ያደርጋል። በዚህም የአለቃ ወይም የታዋቂ ሰው ተጽዕኖ ይቀንሳል።

የቡድን ተኮር ውይይት ተሳታፊዎች በዕጣ ስለማይመረጡ ውጤቱን በመቶኛ ማስላት ስህተት ነው፤ «ከ10 ገበሬዎች 7ቱ ደግፈዋል» የሚል ሪፖርት ስለ ሌሎች ገበሬዎች የሚያስረዳው ነገር የለም። ውይይቱ ያመለከተው ምክንያት ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ለማወቅ በዕጣ በተመረጠ ናሙና ላይ የተመሠረተ የቤተሰብ ዳሰሳ ያስፈልጋል።