«ክላሲካል» የምንለው ሙዚቃ፦ ኢትዮ ጃዝ እንደ ሥራ ድባብ

በኢትዮጵያ የሙዚቃ አድማጮች ዘንድ «ክላሲካል» የሚለው ቃል የአውሮፓን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ብቻ አያመለክትም፤ ድምፃዊ የሌለበትን፣ በመሣሪያ ብቻ የሚቀርብን ዜማ ሁሉ ይጠቀልላል። በሬዲዮ ትረካ ሥር የሚፈሰው፣ በካፌና በሆቴል ዝግ ብሎ የሚሰማው፣ ጸሐፊም ሆነ ሠዓሊ ሥራውን ሲጀምር የሚከፍተው ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። በዚህ ሰፊ ስያሜ ሥር ኢትዮ ጃዝ ልዩ ቦታ አለው፤ ጆሮን ሳያስጨንቅ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ግን ባዶ አይደለም።

የስልቱ ፈጣሪ ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ ውስጥ ተወለዱ። ለምህንድስና ትምህርት ወደ ብሪታንያ ቢላኩም ልባቸው ወደ ሙዚቃ አዘንብሎ በለንደን፣ ቀጥሎም በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሩ፤ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የአገራቸውን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን አሜሪካ ምቶች ጋር ማዋሐድ ጀመሩ። መለያቸው የሆነው መሣሪያ ቫይብራፎን ነው። የብረት ዘንጎቹ ለስላሳ ጫፍ ባለው መምቻ ይመታሉ፤ ከሥራቸው ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ በሞተር የሚሽከረከሩ ክዳኖች ድምፁን ያርገበግቡታል፤ በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ድምፁ ወዲያው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። አንዱ ኖታ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚደረብበት ሙዚቃው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ቅኝቶቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። ሜጀር በሚባለው የትዝታ ዓይነት ውስጥ ግማሽ ድምፅ የሚባለው ጠባብ ርቀት ስለሌለ የትኛውም ኖታ በየትኛውም ላይ ቢደረብ ጆሮ አይሻክርም። አንቺሆዬ ግን ጠባብ ርቀቶችን ስለያዘ ስሜትን ይወጥራል፤ በእኔ አስተያየት ከበስተጀርባ ተቀመጥ ቢሉት እሺ የማይል ቅኝት ነው። በኢትዮ ጃዝ ዘወትር የሚመላለሰው አጭር የቤዝ ሐረግ ደግሞ አድማጩ የሚመጣውን እንዲገምት ስለሚያደርግ ሐሳቡ ወደ ሥራው ለመመለስ ፋታ ያገኛል።

የመሣሪያ ሙዚቃ በአዲስ አበባ የበሰለው በአብዛኛው በሆቴሎች ነው። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ለዓመታት ሲጫወት፣ የደርግ የሰዓት እላፊ እንግዶችን እስኪነጋ ክለቡ ውስጥ ስለሚያቆያቸው፣ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድረም ማሽን ጋር ብቻቸውን ተጫውተው ካሴት አወጡ። «ክላሲካል» የሚለው ቃል በካሴቱ ርዕስ ላይም አለ። ኋላ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናቸው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር፤ ካሴቱ በ2013 ዳግም ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መለሳቸው።

ድባባዊ ድምፅ ፈጠራን ያግዛል የሚለው እምነት በጥናት ሲፈተሽ መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። ራቪ መህታ፣ ሩይ ዡና አማር ቺማ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ 70 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚደርስ መጠነኛ ድምፅ ዝቅ ካለው የ50 ዴሲቤል ድምፅ ይልቅ የፈጠራ ፈተና ውጤትን እንደሚያሻሽል፣ 85 ዴሲቤል ግን እንደሚጎዳ አሳይቷል። በ2019 በብሪታንያና በስዊድን ተመራማሪዎች የቀረበ ሌላ ጥናት ደግሞ ሙዚቃ፣ ግጥም ባይኖረውም እንኳ፣ በቃላት ላይ የተመሠረቱ እንቆቅልሾችን መፍታትን ሲያዳክም፣ የቤተ መጻሕፍት ድምፅ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳላስከተለ አግኝቷል። ስለዚህ ለሠዓሊ የሚመች ድምፅ ለጸሐፊ ላይመች ይችላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከክላሲካሎቻችን ብዙዎቹ ቀድሞ የተዘፈኑ ዜማዎች በመሆናቸው፣ የሌላ አገር አድማጭ ዜማ ብቻ በሚሰማበት ቦታ እኛ ግጥሙን በልባችን እንሞላዋለን። ለጽሑፍ ሥራ የተሻለ የሚሆነው ከመነሻው ለመሣሪያ የተደረሰ፣ ከኋላው የሚታወቅ ግጥም የሌለው ድርሰት ነው፤ ትዝታ በቫይብራፎን ሲመታ ግን ብዕርን አስቀምጦ ማዳመጥ ይቀላል።