እንደ መምህሩ ይሆናል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰሞኑን የግቢ ጉባኤ ልጆቻችንን፣ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ጎን ለጎን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩትን፣ አስመርቀናል። እናቶች እልል አሉ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ ልጆቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ዘመሩ። ደስ አለኝ። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ።

ከምርቃቱ በፊት አንዲት አሮጊት ጎረቤቴን ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። እማማ ማንበብ አይችሉም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው «ነገ ይመለሱ» አላቸው። ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጠጋ ስል አወቅሁት። አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው አስተምሬ ያስመረቅሁት ልጅ! ሲያየኝ ብድግ አለና «መምህር!» አለ። የእማማ ጉዳይ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወገኖቼ፣ እኔን ያሳዘነኝ ያ አምስት ደቂቃ ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 6፥40 ላይ «ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አይበልጥም፤ ፈጽሞ የተማረ ሁሉ ግን እንደ መምህሩ ይሆናል» ይላል። ልብ በሉ፤ መምህሩ የሚያውቀውን ያውቃል አላለም። ይሆናል ነው ያለው። ግቢ ጉባኤም ሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከተመራቂው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። መምህራችን ማን ነው? የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ ያጠበው ነው። በኢያሪኮ መንገድ ዕውሩ ሲጮኽ ሰዎቹ ዝም በል ብለው ገሠጹት። እርሱ ግን ቆመ። «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ፣ አንተም እኮ መስኮቱ ጋ የተቀመጥኸው ይህንኑ ለመጠየቅ ነው!

በየምርቃቱ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እንናገራለን። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ዛፍ ላይ እየወደቀች የምትወጣውን ትል አየ፤ ተመልሶም ተማረ። መልካም ነው። ግን ለምን እዚያ ላይ እናቆማለን? ያሬድ ከተማረ በኋላ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው። ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አላወቁም። በኋላ ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ለምነኝ አለው። ሹመትም ወርቅም አልጠየቀም። አሰናብተኝ፣ ልመንኩስ አለ። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄደ። ለተመራቂዎቻችን ይህንን ብንነግራቸው ምናለ?

ደግሞ ተመርቃችሁ ሥራ አጥታችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ልጆች አላችሁ። ሰው ሲያያችሁ አንገታችሁን ትደፋላችሁ። አትድፉ። ጌታችን ማስተማር ሲጀምር 30 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። እስከዚያ በናዝሬት ለእናቱ ሲታዘዝ፣ እንጨት ሲጠርብ ኖረ። እናታችሁን ውኃ ስታቀብሉ፣ የሰፈሩን ሕፃን ፊደል ስታስቆጥሩ መምህራችሁን እየመሰላችሁ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አስተማሪዎቹ ልምጣ። ቃሉ እኛንም ይይዛል። ያ ልጅ ለትልቅ ሰው ብድግ ማለትን፣ ድሃ ሲመጣ ቀና አለማለትን ከማን ተማረ? በጉባኤያችን ባለ ገንዘቡ ሲመጣ የፊት ወንበር የምንለቅ እኛ ነን። በዓይኑ አይቶናል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልፈልገው አስቤአለሁ። ልቆጣው አይደለም። መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ አብረን እማማ ቤት እንሄዳለን።